መረቡ ሳይደርስ መድረስ፦ ለጉዳት የተጋለጡ የጥልቅ ባሕር ሥነ ምሕዳሮችን የመለየትና የመጠበቅ ዝርዝር መመሪያ

የሮቦቱ መብራት በ800 ሜትር ጥልቀት ሲበራ መጀመሪያ የሚታየው ከላይ ቀስ እያለ የሚወርድ ነጭ ብናኝ ነው። ቀጥሎ ከጭቃው መሀል ነጭና ሮዝ ቅርንጫፎች ብቅ ይላሉ። በየቅርንጫፉ ጫፍ አበባ የሚመስሉ ትናንሽ አፎች ተከፍተዋል፤ ከሥር ሸርጣን ተሸሽጓል፤ አንዱ ዘንግ ላይ የሻርክ እንቁላል የያዘ ከረጢት በቀጫጭን ክሮች ተጠምጥሟል። ካሜራው ጥቂት አሥር ሜትሮች ወደ ጎን ሲሄድ ግን ሁሉም ያልቃል። ቀጥ ያለ ቦይ፣ ከግራና ቀኙ የኮራል (እንደ ተክል ቅርንጫፍ የሚያወጣው የባሕር እንስሳ) ስብርባሪ። የወለል ጎታች መረብ ያለፈበት ነው።

እነዚህን ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ያየ ሰው የዚህን መመሪያ ዋና ሐሳብ ለመረዳት አይቸገርም። በጥልቅ ባሕር ጉዳይ «አላየሁም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም፤ ከጠፋ በኋላ ማየትም አይጠቅምም። ስለዚህ የመለየቱ ሥራ ከመረቡ፣ ከቁፋሮውና ከማዕድን ማሽኑ መቅደም አለበት። መመሪያው ለባሕር ሳይንስ ተማሪዎች፣ ለዓሣ ሀብት ባለሙያዎችና ለጥበቃ ድርጅት ሠራተኞች የታሰበ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ የምትፈልጉትን ዕወቁ

መነሻው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2006 ያሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 61/105 ነው። ውሳኔው አገሮችና ቀጣናዊ የዓሣ ሀብት አስተዳደር ድርጅቶች ለጉዳት የተጋለጡ የባሕር ሥነ ምሕዳሮችን እንዲለዩ፣ ያሉበትን ወይም ሊኖሩ የሚችሉበትን ቦታ ከወለል ዓሣ ማጥመድ እንዲዘጉ፣ ወይም ከባድ ጉዳት እንደማይደርስ በሥርዓት እንዲያረጋግጡ ጠየቀ። «ሊኖሩ የሚችሉበት» የምትለዋን ቃል አስምሩባት፤ ኋላ በየስብሰባው ትፈልጓታላችሁ።

የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2008 ያወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ አምስት መለኪያዎች ሰጠ፦ የቦታው ወይም የፍጥረቱ ብርቅነት፤ ለሌሎች ፍጥረታት የሚሰጠው አገልግሎት፣ ለምሳሌ መራቢያና ማሳደጊያ መሆኑ፤ በቀላሉ ተሰባሪነቱ፤ እንደገና ለመተካት የሚያስቸግር የሕይወት ዑደቱ፤ አካላዊ አወቃቀሩ የፈጠረው ውስብስብ መጠለያ። አምስቱንም ማሟላት ግዴታ አይደለም። አንዱ ብቻ በጥሩ ማስረጃ ከተደገፈ ጉዳዩን ለመክፈት ይበቃል።

ከአምስቱ ብዙ ጊዜ የሚናቀው አራተኛው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። በሃዋይ አካባቢ የተገኘ አንድ ጥቁር ኮራል በካርቦን ልኬት 4,265 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ያ እንስሳ ሕይወት የጀመረው የግብፅ ፒራሚዶች ገና የቅርብ ጊዜ ሥራ በነበሩበት ዘመን ነው፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስም በሕይወት ነበር። ኦሬንጅ ራፊ የሚባለው የጥልቅ ባሕር ዓሣ ከ100 ዓመት በላይ ይኖራል፤ ለመራባት የሚደርሰውም ከ20 እስከ 40 ዓመት ሲሞላው ነው። በ1980ዎቹ ገበያው ሲደራ ብዙ መርከቦች ወደ ባሕር ውስጥ ተራሮች ጎረፉ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙዎቹ ተራሮች ያለው የዓሣ ክምችት ክፉኛ ተመናመነ። እንዲህ ያለ ዓሣ እንደ ሰርዲን አይተካም።

በመስክ የምትፈልጓቸው አመላካች ፍጥረታት እነዚህ ናቸው፦ ድንጋያማ ኮራሎች (በተለይ ሪፍ፣ ማለትም ተደራርቦ ያደገ የኮራል ክምር፣ የሚሠራው ዴስሞፊለም ፐርቱሰም፣ በቀድሞ ስሙ ሎፊሊያ)፣ ጥቁር ኮራሎች፣ የማራገቢያ ቅርጽ ያላቸው ጎርጎኒያን ኮራሎች፣ ጭቃ ላይ እንደ ላባ የሚቆሙት የባሕር ብዕሮች፣ ትልልቅ ስፖንጆች፣ ዘንግ ያላቸው የባሕር አበቦች፣ እንዲሁም ዜኖፊዮፎር የሚባሉት በዓይን የሚታዩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት። የፍል ውኃ ምንጮችና ከወለል ስንጥቅ ሚቴን የሚወጣባቸው ቀዝቃዛ ምንጮችም በራሳቸው ይቆጠራሉ። ፍል ውኃዎቹ በ1977 በጋላፓጎስ አጠገብ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ሲገኙ ያለ ፀሐይ ብርሃን በኬሚካል ኃይል የሚኖር ማኅበረሰብ እንዳለ ታወቀ።

ደረጃ 2፦ መርከብ ሳትከራዩ በፊት ጠረጴዛ ላይ ሥሩ

የመርከብ ቀን ውድ ነው፤ የጠረጴዛ ቀን ርካሽ ነው። ስለዚህ ወደ ባሕር ከመውጣት በፊት ያለውን መረጃ አሟጡ። ፋኦ የተዘጉ ቦታዎችን የያዘ የመረጃ ቋት አለው፤ ዓለም አቀፉ የባሕር ምርምር ምክር ቤት (አይሴስ) የሰሜን አትላንቲክን የኮራልና የስፖንጅ መዛግብት ይሰበስባል፤ ኦቢስ የተባለው ክፍት ቋት ደግሞ በዓለም ዙሪያ የተመዘገቡ የባሕር ፍጥረታትን ይዟል። ስታወርዱ የተመዘገቡበትን ዓመትና ዘዴ ተመልከቱ። ከ100 ዓመት በፊት በመጎተቻ የወጣ ናሙና ቦታው በበርካታ ኪሎ ሜትር ሊሳሳት ይችላል።

ከዚያ ካርታውን ዘርጉ። አብዛኞቹ ኮራሎችና ስፖንጆች ምግብ ፍለጋ አይንቀሳቀሱም፤ ምግቡን ጅረት ያመጣላቸዋል። ስለዚህ ጅረት የሚፈጥንበትን ቦታ ፈልጉ፦ የባሕር ውስጥ ተራራ ጫፍና ትከሻ፣ የሸለቆ ግድግዳ፣ የአህጉር መደርደሪያ የሚያበቃበት ጠርዝ፣ የተራራ ሰንሰለት። ጠንካራ ድንጋይ ካለ ለኮራል፣ ለስላሳ ጭቃ ካለ ለባሕር ብዕር ተስፋ አለ። የውኃውን ኬሚስትሪም አትርሱ። ድንጋያማ ኮራል አጽሙን የሚሠራው አራጎናይት ከሚባል ማዕድን ነው፤ በሰሜን አትላንቲክ ይህ ማዕድን ሳይሟሟ የሚቆየው እስከ 2,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ሲሆን በሰሜን ፓሲፊክ ግን በጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ነው። ትላልቅ የኮራል ሪፎች በሰሜን አትላንቲክ የበዙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጥልቀትን፣ የመሬቱን ዝንባሌ፣ ሙቀትን፣ ጅረትንና ኬሚስትሪን አንድ ላይ አድርጎ ፍጥረቱ ሊኖርበት የሚችለውን ቦታ የሚገምት ሞዴል መሥራት ይቻላል፤ ጠቃሚም ነው። ነገር ግን የሞዴል ካርታ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ኮራል አይደለም፤ «እዚህ ሂዱና እዩ» የሚል ምልክት ነው። የባሕር ወለል በዘመናዊ ልኬት የተነሣው ክፍል ከጠቅላላው ሩብ ያህል ነው፤ ከ200 ሜትር በታች ካለው ወለል ደግሞ ሰው በዓይኑ ወይም በካሜራ ያየው ከ0.001 በመቶ በታች ነው። ሞዴላችሁ የተማረው ከዚያች ጠብታ መረጃ መሆኑን በሪፖርታችሁ ላይ በግልጽ ጻፉ።

አንድ ምንጭ ደግሞ በየትኛውም ቋት ውስጥ የለም፦ ዓሣ አጥማጆች። በኖርዌይ በ1990ዎቹ ሪፎች እየተሰባበሩ መሆኑን ቀድመው የተናገሩት አጥማጆች ነበሩ፤ የአገሪቱ የባሕር ምርምር ተቋም ተከታትሎ ሲያጣራ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው የኮራል አካባቢ ጉዳት ደርሶበታል የሚል ግምት ላይ ደረሰ። በ1999 ኖርዌይ ሆን ብሎ ኮራልን ማጥፋትን የሚከለክል ደንብ አወጣች። መረቡ የተቀደደበትን ቦታ የሚያስታውስ ካፒቴን ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩት። ቀዳጁ ድንጋይ ይሁን ኮራል ብዙ ጊዜ ለይቶ ያውቃል።

ደረጃ 3፦ ወርዳችሁ እዩ

እዚህ ላይ ጊዜ እንውሰድ፤ ስህተት የሚበዛው እዚህ ነውና።

መጀመሪያ ከመርከብ በብዙ ጨረር ሶናር (በድምፅ ሞገድ ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ) የወለሉን ቅርጽ አንሡ። ግን የሶናሩን ዓይን አቅም አስሉ። ጨረሩ 1 ዲግሪ ስፋት ካለው፣ በ1,000 ሜትር ጥልቀት ላይ እያንዳንዱ ጨረር የሚሸፍነው 17 ሜትር ያህል ነው፤ በ4,000 ሜትር 70 ሜትር ይደርሳል። አንድ ሜትር ቁመት ያለው ኮራል በዚያ ውስጥ ይዋጣል፤ በጭቃ ላይ የቆመ የባሕር ብዕር ሜዳማ አይታይም። ሶናር የሚያሳያችሁ ጉብታውን፣ ገደሉንና የድንጋዩን ጥንካሬ ነው። ሕይወቱን ለማየት ወደ ወለሉ የሚጠጋ ነገር ያስፈልጋል፦ በገመድ የሚጎተት ካሜራ፣ በገመድ የሚመራ ሮቦት፣ ወይም በራሱ የሚዋኝ ሮቦት።

የካሜራ መስመሮቻችሁን አስቀድማችሁ ንደፉ። ሞዴሉ «አለ» ባለበት ብቻ አትውረዱ፤ «የለም» ባለበትም ውረዱ፤ አለዚያ ሞዴሉን መፈተን አትችሉም። ጥልቀትን እየቆረጣችሁ ከተራራው ሥር ወደ ጫፍ ውጡ፤ የማኅበረሰቡ ለውጥ በግልጽ የሚታየው በዚህ አቅጣጫ ነው። ካሜራው ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተገጠሙ ሁለት ሌዘሮች ይኑሩ። ሁለቱ ነጥቦች ወለሉ ላይ ሲያርፉ መለኪያ ይሆኗችኋል፦ የኮራሉን ቁመት፣ የምስሉን ስፋት፣ ከዚያም በካሬ ሜትር ስንት ፍጥረት እንዳለ። ሌዘር የሌለው ቪዲዮ ቆንጆ ነው እንጂ መረጃ አይደለም ብል አላጋነንኩም።

ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ከወለሉ ያለውን ከፍታ አታለዋውጡ፣ የሮቦቱን ትክክለኛ ቦታ (የመርከቡን ሳይሆን) በየሰኮንዱ መዝግቡ። ናሙና ለዝርያ መለያ ግድ ካልሆነ አታውጡ፤ ካወጣችሁም የቅርንጫፍ ቁራጭ እንጂ ሙሉ ኮራል አይሁን። በውኃ ውስጥ ከተንሳፈፈ ዲኤንኤ ዝርያ መለየት የሚያስችለው ዘዴ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ጉዳትም አያደርስም። ይሁንና ዲኤንኤው ከጅረት ጋር ስለሚጓዝ የፍጥረቱን ትክክለኛ መኖሪያ ለብቻው አይነግራችሁም።

ቪዲዮውን ስትቆጥሩ ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው አንድ ክፍል ይቁጠሩ፤ ልዩነታቸውንም አስታርቁ። «ስፖንጅ» ብቻ ብሎ መጻፍ ከተሳሳተ የዝርያ ስም ይሻላል። ስብርባሪን፣ የመረብ ቁራጭን፣ የመረብ ጉተታ ቦይንም ቁጠሩ። ብዙዎች ሕያው ነገር ብቻ ይቆጥሩና የጉዳቱን ማስረጃ ይጥላሉ፤ ኋላ ሲፈለግ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ማየት ይመጣል።

ደረጃ 4፦ ውሳኔ ስጡ፤ እርግጠኝነታችሁንም ጻፉ

አንድ ኮራል ማየት ሥነ ምሕዳር አገኘን ማለት አይደለም። የሚታየው ብዛቱ፣ ስፋቱና አብረውት ያሉት ናቸው። ሪፍ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። በኖርዌይ ሎፎተን አካባቢ በ2002 የተገኘው የሮስት ሪፍ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ እንዲህ ያለውን ማንም አይከራከርበትም። የሚያከራክረው በተን በተን ያለ የጎርጎኒያን ደን ወይም የባሕር ብዕር ሜዳ ነው። ብዛቱን በአካባቢው ከተለካው ከሌላው ቦታ ጋር አነጻጽሩ፤ ድንገት ከፍ የሚልበትን ጠርዝ ፈልጉ።

የሞተ ኮራልን አትናቁ። ሪፍ ውስጥ ሕያው የሆነው አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ሽፋን ነው፤ ብዙው ትንንሽ ፍጥረት የሚሸሸገው ከሥር ባለው የሞተ አጽም ውስጥ ነው።

ለእያንዳንዱ ቦታ የእርግጠኝነት ደረጃ ስጡ፦ በካሜራ የታየ፣ በመረብ ናሙና የተገኘ፣ በሞዴል ብቻ የተገመተ። ሦስቱን በአንድ ቀለም የሚቀባ ካርታ በመጀመሪያው ጥያቄ ይፈርሳል። ለይቶ የሚያሳይ ካርታ ግን ውኃ ያነሣል፤ ተቃዋሚዎችም ቢሆኑ ታማኝነቱን ያከብራሉ።

ደረጃ 5፦ ሥጋቱን ከላዩ ላይ አንብቡ

የወለል ጎታች መረብ እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ አፉን የሚከፍቱት የብረት በሮች እያንዳንዳቸው በርካታ ቶን ሊመዝኑ ይችላሉ። የመርከቦችን እንቅስቃሴ ግሎባል ፊሺንግ ዎች የተባለው ክፍት መድረክ ላይ ማየት ይቻላል። ጎታች መርከብ ሲያጠምድ ፍጥነቱ ወደ 3 ወይም 4 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) ይወርዳል፤ በተራራ ጫፍ ላይ የሚደጋገም ዝግተኛ መስመር ካያችሁ መረብ ወርዷል ማለት ነው። ያሉበትን ቦታ የሚያሳውቀውን መለያ መሣሪያ የሚያጠፉ መርከቦች ስላሉ ባዶ ስክሪን ንጹሕ ባሕር አይደለም። ረድፍ መንጠቆ ከጎታች መረብ ይሻላል፤ ቢሆንም ገመዱ ሲነሣ ኮራል ይነቅላል።

የማዕድን ጉዳይ የተለየ ነው፤ ምክንያቱም ገና በንግድ ደረጃ አልተጀመረም። ማለትም የመቅደም ዕድል አለን። በፓሲፊክ ክላሪዮን ክሊፐርተን ቀጣና ከ4,000 ሜትር በታች የተኙት የማዕድን ጓሎች በሚሊዮን ዓመት የሚያድጉት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ጓሉ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው ፍጥረት ጓሉ ሲነሣ መኖሪያ የለውም። በ1989 ከፔሩ ወዲያ ባለው ጥልቅ ባሕር ሳይንቲስቶች ወለሉን ለሙከራ አረሱት። ከ26 ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩት ፈሩ ትናንት የታረሰ ይመስል ነበር። በሕንድ ውቅያኖስ ፍል ውኃዎች የሚኖረው፣ እግሩ በብረታማ ቅርፊት የተሸፈነው ቀንድ አውጣ ደግሞ በ2019 በማዕድን ቁፋሮ ሥጋት ምክንያት በመጥፋት አደጋ ላይ ካሉ ዝርያዎች መዝገብ የገባ የመጀመሪያው ፍጥረት ሆኗል።

ግምገማ ስትጽፉ የፋኦን ስድስት ጥያቄዎች ተከተሉ፦ ጉዳቱ በቦታው ምን ያህል ይከፋል? ከመኖሪያው ስንት እጁን ይነካል? ፍጥረቱ ምን ያህል ስስ ነው? ለማገገም ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? የሥነ ምሕዳሩ ተግባር ምን ያህል ይለወጣል? ጉዳቱ የሚደርስበት ወቅትስ ፍጥረታት መኖሪያውን ከሚፈልጉበት ጊዜ ጋር ይገጥማል? በመመሪያው አገላለጽ ጊዜያዊ የሚባለው ጉዳት ከ5 እስከ 20 ዓመት ውስጥ የሚያገግም ነው። የ4,000 ዓመቱን ኮራል እዚህ ጥያቄ አጠገብ አስቀምጡት።

ደረጃ 6፦ ትክክለኛውን በር አንኳኩ

ቦታው በአንድ አገር የኢኮኖሚ ቀጣና ውስጥ (እስከ 200 የባሕር ማይል) ከሆነ ሥልጣኑ የዚያ አገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለምሳሌ ከ800 ሜትር በታች የወለል ጎታች መረብን በ2016 ከለከለ፤ በ2022 ደግሞ 87 ቦታዎችን ለማንኛውም የወለል ማጥመጃ ዘጋ። ከ200 ማይል ውጭ ለዓሣ ጉዳይ ቀጣናዊ ድርጅቶች አሉ፦ በሰሜን ምዕራብ አትላንቲክ ናፎ፣ በደቡባዊ ውቅያኖስ ካምላር፣ ሌሎችም። ለማዕድን በኪንግስተን፣ ጃማይካ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የባሕር ወለል ባለሥልጣን አለ።

አዲሱ በር ከአገራት ሥልጣን ውጭ ስላለው የባሕር ብዝኀ ሕይወት በሰኔ 2023 የጸደቀው ስምምነት ነው፤ ከጥር 17 ቀን 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በስምምነቱ መሠረት በነጻ ባሕር ላይ የጥበቃ ቦታ መመሥረት ይቻላል፤ መግባባት ካልተገኘም በሦስት አራተኛ ድምፅ ሊወሰን ይችላል። ነባሮቹን ድርጅቶች አይተካም። ስለዚህ በአንዱ በር ብቻ አትቁሙ፤ አንድ ፋይል አዘጋጁና ለየበሩ በሚስማማው ቋንቋ አቅርቡት።

ደረጃ 7፦ የመዝጊያውን መስመር ሥሩ

መስመሩ ኮራሉ ላይ አያልቅም። ጎታች መረብ ከመርከቡ ጋር የሚያያዝበት ገመድ ብዙ ጊዜ ከውኃው ጥልቀት እጥፍ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። በ1,000 ሜትር ጥልቀት መረቡ ከመርከቡ በኪሎ ሜትሮች ወደ ኋላ ይቀራል፤ ካፒቴኑ «ከመስመሩ ውጭ ነኝ» ሲል መረቡ ውስጥ ሊሆን ይችላል። መከላከያ ቀለበቱን በጥልቀቱ ልክ አስፉ። ቅርጹን ደግሞ ቀጥ ባሉ መስመሮችና በጥቂት ማዕዘኖች ሥሩ፤ ጠመዝማዛ ወሰን ለካፒቴኑም ለዳኛውም አይመችም።

«ኮራል ከወጣ ተነሥተህ ሂድ» የሚለውን ደንብ እንደ ተጨማሪ መያዣ ብቻ ተጠቀሙበት። በናፎ ደንብ በአንድ የመረብ ጉተታ 7 ኪሎ የባሕር ብዕር፣ 60 ኪሎ ሌላ ሕያው ኮራል ወይም 300 ኪሎ ስፖንጅ ከወጣ መርከቡ ቢያንስ 2 የባሕር ማይል መራቅ አለበት። ካምላር ጠበቅ ያለ ነው፦ በአንድ የረድፍ መንጠቆ ክፍል ላይ 10 መለኪያ (መለኪያው 1 ሊትር ወይም 1 ኪሎ) አመላካች ፍጥረት ከተገኘ በ1 የባሕር ማይል ዙሪያ ማጥመድ ይቆማል። ችግሩ መረብ ኮራል እንዲይዝ አልተሠራም፤ የሰባበረው አብዛኛው እዚያው ወለሉ ላይ ይቀራል። መረቡ ላይ 60 ኪሎ ሲታይ ከታች ያለው ጥፋት ከዚያ ይበልጣል። ይህን ደንብ እንደ ዋና ጥበቃ የሚያቀርብ ሰው ካጋጠማችሁ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» በሉት። ዋናው ጥበቃ አስቀድሞ መዝጋትና ማጥመድን እስካሁን በተጠመደበት አካባቢ ብቻ መወሰን ነው።

ደረጃ 8፦ ተመልሳችሁ እዩ

ከመዝጋታችሁ በፊት የመነሻ ቪዲዮ ይኑራችሁ፤ መስመሮቹን በዚያው ቦታ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው የካሜራ ከፍታ ድገሟቸው። የጊዜ ሰሌዳውን በአሥር ዓመታት አስቡት። በሰሜን ምዕራብ ሃዋይ ያሉ የባሕር ውስጥ ተራሮች ከ30 እስከ 40 ዓመት ከተጠበቁ በኋላ በስብርባሪው መሀል አዳዲስ ኮራሎች ብቅ ማለታቸው ታይቷል፤ ከዚያ ባጠረ ጊዜ ብዙ አትጠብቁ።

ከስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያሉት የዳርዊን ጉብታዎች በ1998 ተገኙ፤ ወዲያው የጎታች መረብ ጠባሳ ታየባቸው፤ በ2003 ተዘጉ። ከስምንት ዓመት በኋላ ሮቦቶች ተመልሰው ሄዱ። መዝጊያው በአብዛኛው ተከብሯል። በምዕራብ በኩል፣ ከመዘጋቱ በፊት ብዙም ያልተጎተተበት ቦታ ላይ ኮራሉ ደህና ነበር። በምሥራቅ በኩል፣ መረብ አስቀድሞ በደረሰበት ቦታ ግን የተገኘው ያው ስብርባሪ ነው፤ አዲስ ኮራል አልበቀለበትም።